አዋጁ ለገባው ተከራይ ነው፤ በር ላይ ለቆመችውስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ቤት ኪራይ በተነሣ ቁጥር ወሬው ስለ ዋጋ ነው። ዋጋው መናሩን የማያውቅ የለም። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግና ገቢዋ አነስተኛ የሆነ እናት ግን ወርሃዊው ኪራይ ሳይደርስባት የሚያቆሟት ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ በአንድ ጊዜ የሚጠየቀው የመግቢያ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው በር ላይ የሚቀርበው ጥያቄ ነው፦ «ስንት ናችሁ?» «እኔና ሁለት ልጆቼ።» «ባልሽስ?» ከዚህ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው «ይቅርታ፣ ቤቱ ተይዟል» ነው። ሴት ልጁን ብቻውን ለሚያሳድግ አባትም ጥያቄው ያው ነው፤ «እናቷስ?» ይባላል፣ ጥርጣሬው ደግሞ ይብሳል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ ብዙዎች እፎይ ብለው ነበር፤ ምክንያትም ነበራቸው። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ቤት ውስጥ ላለ ተከራይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቤት ለምትፈልገው ግን ማንም ያላሰበው መዘዝ ይዞ መጣ። አከራይ ቀድሞ ያልተስማማውን ሰው በወር ያስወጣ ነበር፤ ዛሬ የሚያስገባው ሰው ቢያንስ ሁለት ዓመት አብሮት ሊኖር ነው። ስለዚህ ማጥለያው ከግቢው ውስጥ ወደ በሩ ወጣ። ላጤ ሠራተኛና ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ሲያልፉ፣ ልጅ ያዘለችው ትመለሳለች። አከራዩን ክፉ ለማለት አይደለም፤ ሕጉ በሩ ላይ የሚሆነውን አላየም ለማለት ነው። ይህ እስኪታይ ድረስ በሩን ለማለፍ የሚጠቅመውን ከሥር ከመሠረቱ መጻፍ ይሻላል።

ከገንዘቡ እንጀምር። ከመስከረም 2018 ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ የሚቀጥለው 2,000 በ15 በመቶ፣ የመጨረሻው 2,000 በ20 በመቶ ይሰላል። ግብሩ 700 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 420 ብር ሲነሣ እጅ የሚገባው 4,880 ብር ነው። በግል ድርጅት ደግሞ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ከዚህ በታች የሚከፈላትም አለች። አሁን ዳር አካባቢ አንድ ክፍል በ3,000 ብር ተገኘ እንበል። አከራዩ የሦስት ወር ቅድሚያ ከጠየቀ 9,000 ብር ነው። ደላላው የግማሽ ወር ኪራይ ቢወስድ 1,500 ብር፣ ዕቃ ለማጓጓዝና ለጫኝ ሌላ 1,500 ብር ቢወጣ ድምሩ 12,000 ብር፣ ወደ ሁለት ወር ተኩል የሚጠጋ የተጣራ ደመወዝ ይሆናል። ቅድሚያው በሕጉ መሠረት ሁለት ወር ቢሆን 9,000 ይወርዳል፤ ቤቱ ያለ ደላላ ከተገኘ ደግሞ 7,500። ስለዚህ በወር ኪራይ ላይ ሁለት መቶ ብር ለማስቀነስ ግማሽ ቀን ከመከራከር በቅድሚያው ላይ መደራደር የበለጠ ያተርፋል። «ሕጉ ሁለት ወር ይላል» ብሎ መጀመር ግን በር ያዘጋል። «ሁለቱን ወር ዛሬ በባንክ አስገባለሁ፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ በ30» ማለት ያንኑ ነገር በሰላም ያስፈጽማል።

ይህን ገንዘብ ከየት ማምጣት ይቻላል? ብዙዎች የሚያስቡት እቁብ ነው። አሥራ ሁለት ሰው በወር አንድ ሺህ ብር የሚጥልበት እቁብ 12,000 ብር ያወጣል፤ ችግር ያለበት አባል ሰብሳቢውን አስቀድሞ ካነጋገረና ዋስ ካቀረበ ዕጣው ቀደም ብሎ ሊሰጠው ይችላል። ሒሳቡ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ4,880 ብር ገቢ 3,000 ኪራይና 1,000 እቁብ ከተከፈለ ለምግብና ለታክሲ የሚተርፈው 880 ብር ነው፤ በዚህ ሦስት ነፍስ አይኖርም። እቁቡ መጀመር ያለበት ገና ከዘመድ ቤት ወይም ከአሮጌው ቤት ሳይወጣ ነው፤ ከገቡ በኋላ የሚጣል እቁብ በሦስተኛው ወር ኪራዩን ይበላል። የመሥሪያ ቤት ቁጠባና ብድር ማኅበር ያለበት ሠራተኛ ከዚያ ቢበደር ክፍያው ከደመወዝ ስለሚቆረጥ ይሻላል።

ከልጆቹ አባት የሚመጣ ቀለብ ካለ በሒሳቡ የሚገባው በተግባር የሚደርሰው ብቻ ነው። «ይልካል» የተባለ ገንዘብ ኪራይ አይከፍልም። ቀለብ በፍርድ ቤት ከተወሰነና አባትየው ደመወዝተኛ ከሆነ ከደመወዙ ተቆርጦ እንዲከፈል ማስወሰን ይቻላል፤ ጠበቃ መቅጠር ለማትችል እናት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የውሳኔው ግልባጭ ሌላም ጥቅም አለው። አከራይ «ገቢሽ በቂ ነው ወይ?» ሲል ከደመወዝ ደብዳቤ ጋር የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል፤ «ባልሽስ?» ለሚለውም ከአፍ የበለጠ መልስ ነው።

ሰፈር መምረጥ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ርካሹን ቤት መከተል ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው በወር 26 የሥራ ቀን አለ። ራቅ ያለው ቤት ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ተጨማሪ ታክሲ የሚያስይዝ ከሆነ 52 ጉዞ ማለት ነው፤ አንዱ በ15 ብር ቢታሰብ 780 ብር። በ1,000 ብር የሚረክሰው ቤት ቁጠባው 220 ብር ብቻ ሆነ፤ ልጅም ታክሲ የሚያስፈልገው ከሆነ ቁጠባው ጠፍቶ ኪሳራ ይመጣል። ስለዚህ ፍለጋው ከልጁ መንገድ መጀመር አለበት፤ ልጁ በእግሩ የሚሄድበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የት ነው? በአዲስ አበባ የመንግሥት ቅድመ መደበኛና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይመገባሉ፤ ደብተርና ዩኒፎርምም ይሰጣል። ለሁለት ልጅ በወር የሚድነውን የቁርስና የምሳ ወጪ ያሰላ ሰው፣ ትምህርት ቤት አጠገብ ያለ በ500 ብር የሚወደድ ክፍል ርካሽ መሆኑን ይረዳል። በዓመቱ መሀል የሚዛወር ልጅ ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ መልቀቂያ ይዞ መምጣት ስላለበት፣ አዲሱ ትምህርት ቤት ቦታ እንዳለው ቅድሚያ ክፍያው ከመከፈሉ በፊት ይጠየቅ።

ከከተማው ወሰን ውጭ፣ ወደ ለገጣፎ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ በኩል የሚገኘው ቤት እውነትም ይረክሳል። ይሁን እንጂ እዚያ አስተዳደሩ የኦሮሚያው ሸገር ከተማ ነው፤ መታወቂያው፣ የጤና መድኑና ውል የሚመዘገብበት ቢሮ ሁሉ ይቀየራል። የአዲስ አበባ መታወቂያዋን ይዛ ለዓመታት አንድ የከተማው አገልግሎት ስትጠብቅ የኖረች እናት ይህን አስባበት ትሻገር።

ደላላን ማጥላላት ልማድ ሆኗል፤ ደላላ የሚፈጥነው ግን ለላጤ ነው። ልጅ ላላት ቶሎ አይሮጥም፣ አከራይ እምቢ እንዲለው አይፈልግምና። ደላላ የግድ ከሆነ ክፍያው ስንት እንደሆነ ቤቱ ከመታየቱ በፊት ይነገር፤ ውል ሳይፈረም አይከፈል። በቴሌግራም «ለማሳየት ብቻ» ብሎ አስቀድሞ ብር የሚጠይቅ ሰው ቤት የለውም። የተሻለው መንገድ የሚፈለገውን ሰፈር በእግር መዞር ነው። ባለሱቁ፣ የግቢ ጥበቃው፣ ልብስ የምታጥበዋ ሴት፣ የእድር ጸሐፊው፣ ጠላ የምትሸጠዋ እትዬ፣ እነዚህ ማን ሊለቅ እንደሆነ ከደላላ ቀድመው ያውቃሉ። ከወሩ 20 እስከ 30 ባለው ጊዜ መዞር ይጠቅማል፤ ለቃቂዎች የሚናገሩት ያን ጊዜ ነው። ነሐሴ ለዚህ ሥራ ክፉ ወር ነው፤ ትምህርት ሊከፈት ሲል ሁሉም ይንቀሳቀሳል፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ አከራዩም ይመርጣል። የሚቻል ከሆነ ጥርና የካቲት ይሻላል፤ ግቢው ደርቆ ስለሚታይ ግን የክረምቱን ጉድ መፈለግ ያስፈልጋል፤ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን በሩ ላይ ነን። መጀመሪያ፦ ልጅ አይደበቅም። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ» ብላ ገብታ ሁለተኛውን በሳምንቱ ከአያቱ ቤት የምታመጣ እናት ታዝናለች እንጂ አታተርፍም፤ ከአከራይዋ ጋር የሚነሣው ጠብ ሁሉ ከዚያች ውሸት ይመዘዛል። ሁለተኛ፦ አከራይ ስለ ልጅ ሲጠይቅ የሚያስበው ስለ ልጁ አይደለም። የሚያስበው ስለ ግድግዳው፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ሽንት ቤቱና ስለ ጩኸቱ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ «እናትየው ሥራ ስትውል ይህን ልጅ የሚጠብቀው ማን ነው? እኔ ልሆን ነው?» የሚል ሥጋት አለው። ትምህርት ቤት ከሚለቅበት ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ልጆቹ የት እንደሚውሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር መመለስ የቻለች እናት ግማሹን መንገድ ሄደች። «እስክመጣ እኅቴ ጋ ናቸው» ወይም «ትንሿ ወረዳው ማቆያ ትውላለች፣ ትልቁ አጎቱ ጋ ያጠናል» ማለት ከአሥር ልመና ይበልጣል። መልሱ እውነት ይሁን፤ መጀመሪያ መመቻቸት ያለበት እሱ ነው፣ ቤቱ ቀጥሎ ነው። በየወረዳው የተከፈቱ የሕፃናት ማቆያዎች ስላሉ ቤት ከመታየቱ በፊት በዚያ ቦታ መኖሩ ይጠየቅ።

የሚያዙት ወረቀቶች ጥቂት ናቸው፦ መታወቂያ፣ የደመወዝ መጠን የጠቀሰ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የቀድሞ አከራይ ስልክ፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ። ብዙ አከራይ «ተያዥ አምጪ» ይላል። በቤተሰብ ውስጥ ደመወዝተኛ ተያዥ የሌላት እናት የሁለት ዓመት አባል የሆነችበትን እድር መጥራት ትችላለች፤ አዛውንት አከራዮች ከባንክ ደብዳቤ ይልቅ የእድር ዳኛን ቃል ያምናሉ። ልጆቹን በመጀመሪያው ቀን ይዞ መሄድ አይመከርም፤ ሁለተኛው ጉብኝት ላይ ግን ይምጡ፣ አከራዩ ይያቸው፣ እነሱም ግቢውን ይዩ። ለዚህ ተስማሚው ሰዓት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የቤቱ ባለቤቶች ቡና አፍልተው የሚገኙበት። ልጅ ያላት ተከራይ ማታ በጊዜ ትገባለች፣ በየሦስት ወሩም አትለቅም። ይህን የሚያውቁ አከራይ እትዬዎች አሉ፤ ፍለጋው በትክክል እነሱን ማግኘት ነው።

ቤቱን ማየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ቀን፣ አንድ ጊዜ ማታ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ይታይ። ማታ የሚታየው የሽንት ቤቱ መንገድ መብራት አለው ወይ፣ የግቢው በር ስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ከበስተጀርባ መጠጥ ቤት አለ ወይ የሚለው ነው። በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑ፣ የቀድሞው ተከራይ ቁልፍ ይዞ ያለመሄዱ ይጣራ፤ የቁልፉን ሲሊንደር ማስቀየር ብዙ ገንዘብ አይወስድም፣ ለእናትና ለልጆች ግን ከሁሉ ይቀድማል።

ውኃው በፈረቃ ስለሆነ ጥያቄው «ውኃ አለ?» ሳይሆን «በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ይመጣል፣ ማን ይቀዳል?» ነው። አንዲት እናት ከሁለት ልጆች ጋር ቆጥባ ብትኖር በቀን ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስፈልጋታል። ውኃው በሳምንት አንዴ ከመጣ 21 ጀሪካን፣ ወይም ሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜልና አንድ ጀሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ ይጠይቃል። በርሜሉ የሚቀመጥበት ቦታ አለ? ሌሊት 8 ሰዓት ሲመጣ ለመቅዳት ግቢው ይከፈታል? ሮቶ ካለስ ቧንቧው ለተከራይ ክፍት ነው ወይስ ለዋናው ቤት ብቻ? አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የኮንዶሚኒየም ክፍል ብዙ ጊዜ ዋጋው ቀነስ የሚለው ግፊቱ ውኃውን ስለማያደርሰው ነው፤ አንድ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ሕፃኑም በጀርባ ነው። ፎቅ ላይ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። የበረንዳውና የኮሪደሩ መከላከያ ብረት ለሁለት ዓመት ልጅ የሚያሾልክ ክፍተት ካለው፣ ያ ቤት ቢረክስም ለሌላ ሰው ይተው።

መብራት ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የሚወጣ ነው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ርካሹ ዋጋ ነው፤ ከዚያ ወደ 100፣ ወደ 200 እያለ ከ500 በላይ እስኪደርስ በየእርከኑ ይጨምራል። የራሱ ቆጣሪ ያለው ትንሽ ቤተሰብ በታችኞቹ እርከኖች ይቆያል። አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ሲገናኝ ግን ድምሩ ላይኛው እርከን ላይ ይወጣና ሁሉም በውድ ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ «መብራት ለየብቻ ነው ወይስ በጋራ?» የሚለው ጥያቄ ከኪራዩ እኩል ነው። በጋራ ከሆነ በአምፖል ነው የሚካፈለው፣ በሰው ነው ወይስ በውስጥ ቆጣሪ? በሰው ከሆነ ልጅ እንደ ሙሉ ሰው ይቆጠራል ወይ? ይህ ሳይነገር ቀርቶ በመጀመሪያው ቢል ጊዜ የሚነሣ ጠብ በሽ ነው።

ምጣድም እንደዚሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሆነ በወር ወደ 60። አከራይ ምጣድ የሚከለክለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ አሮጌው መስመር ስለሚግልበትም ነው። ምጣድ በማይፈቀድበት ቤት ግን እንጀራ ይገዛል። በቀን አምስት እንጀራ ለሚያስፈልጋት ቤት በወር 150 እንጀራ ነው፤ በሰፈሩ ዋጋ ተባዝቶ ኪራዩ ላይ ይደመር። ከዚያ በኋላ «ውድ» የተባለው ባለ ምጣድ ቤት ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። መካከለኛ መፍትሔም አለ፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰዓቱ ተወስኖ፣ ለመብራቱ የተስማሙበት ሒሳብ እየታሰበ መጋገር። አከራዮች ይህን ሲቀርብላቸው እሺ ይላሉ፤ ውሉ ላይ ግን ይጻፍ።

ክረምቱን ከበጋ ሆኖ ለማየት ኮርኒሱን ቀና ብሎ ማየት ነው። ቡናማ ካርታ የመሰለ ምልክት ካለ ቆርቆሮው ያፈሳል፤ አዲስ ቀለም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተቀባ ደግሞ ይበልጥ ያስጠረጥራል። የግድግዳው ግርጌ በመዳፍ ሲነካ ከቀዘቀዘና ልጣጩ ከተነሣ እርጥበት ይስባል፤ የሚያስል ልጅ ላላት እናት ያ ቤት የሐኪም ወጪ ነው። የግቢው ውኃ የሚወርደው ወደ በሩ ከሆነ ሊሾው ጥሩ መሆኑ አይረዳም። መስኮት የማይከፈትበት ክፍል ደግሞ ፈጽሞ አይወሰድ። በአንድ ክፍል የሚኖር ሰው እዚያው ያበስላል፣ ሐምሌ ላይ ከሰል ያስገባል፣ ብርዱን ፈርቶ በሩን ይዘጋል። የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረውም ይገድላል፤ ከመተኛት በፊት ከሰሉ የግድ ውጭ ይወጣል።

ከውሉ በፊት የሚያከራየው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቅ። የቤቱ ባለቤትነት ማስረጃ በማን ስም ነው? ባለቤቱ አሜሪካ ወይም ዱባይ ሆኖ ወንድሙ የሚያከራየው ኮንዶሚኒየም በጣም ብዙ ነው፤ ክፋት የለውም፣ ነገር ግን ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ፣ ማከራየትንና ኪራይ መቀበልን በግልጽ የሚጠቅስ መሆን አለበት። የብሎኩን ኮሚቴ ወይም ጎረቤት መጠየቅ አያሳፍርም፤ አንድን ቤት ለሦስት ሰው አከራይቶ ቅድሚያውን ይዞ የሚጠፋ አለ። የቀበሌ ቤት ውስጥ በደባልነት መግባት ከሁሉም ይረክሳል። አደጋውም እንደዚያው ነው፦ አከራዩ ራሱ ተከራይ ስለሆነ ውሉ አይመዘገብም፤ ሰፈሩ ለልማት ሲነሣም ምትክ የሚሰጠው ስሙ በመዝገብ ላለው እንጂ ላልተመዘገበ ደባል አይደለም። ካርታ የሌለው የጨረቃ ቤትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ውሉ ላይ ሰዎች የኪራዩን መጠን ጽፈው ይበቃል ይላሉ። ልጅ ላላት ተከራይ ዋናዋ መስመር ሌላ ናት፦ በቤቱ የሚኖሩት ሰዎች ስም ዝርዝር፣ ልጆቹ ከነዕድሜያቸው። ይህ ከተጻፈ «ልጅ እንዳለሽ አልነገርሽኝም» ነገ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ውኃ፣ መብራት፣ ቆሻሻና ጥበቃ በኪራዩ ውስጥ ናቸው ወይስ ከውጭ፣ ቆጣሪው በገቡበት ቀን ስንት ያነብባል፣ ምጣድ በየትኛው ቀን ይፈቀዳል፣ ዘመድ ሲመጣ ማደር ይችላል ወይ፣ ክፍያው በወሩ ስንት ቀን ነው የሚለውም ይግባ። ጳጉሜንም አትረሳ፤ ወሩን በሠላሳ ቆጥሮ ለጳጉሜን ለብቻ የሚያስከፍል አከራይ አለ፣ ምንም የማያስከፍልም አለ። በግድግዳው፣ በበሩና በመስታወቱ ላይ ያለው ጉዳት ሁሉ በገቡበት ቀን በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ፎቶውም ለአከራዩ ይላክ። ሁለት እናቶች ተጋርተው ባለ ሁለት ክፍል ቢከራዩ ኪራዩም የልጅ ጥበቃውም ይቀላል፤ የምመክረው ነገር ነው። ነገር ግን የሁለቱም ስም በውሉ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ አንዷ ስትለቅ ሌላዋ ከነልጆቿ አብራ ትወጣለች።

ውሉ ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ለምዝገባ መቅረብ አለበት። የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። አከራዮች ምዝገባን የሚሸሹት ከሁሉ በላይ የኪራይ ገቢ ግብርን ፈርተው ነው። መልኩ ብዙ ነው፦ «እንመዘገባለን» እያሉ ወራት ማሳለፍ፤ ወረቀት ላይ 2,000 ጽፎ 3,500 መቀበል፤ ግማሹን በባንክ፣ ግማሹን በእጅ ማለት። በእጅ የተሰጠው ብር ማስረጃ የለውም። ነገ «የሁለት ወር አልከፈለችም» ቢባል ተከራይዋ የምታሳየው የላትም። ምዝገባው ቢዘገይ እንኳ ክፍያው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በውሉ ላይ ስሙ ባለው ሰው ሒሳብ ይግባ፤ ምክንያቱ በሚለው ቦታ «የጥቅምት ኪራይ» ተብሎ ይጻፍበት። ይህች አንድ መስመር ብዙ ጠብ ታስቀራለች።

አከራዩ ጭማሪ ሲጠይቅ ተቆጣጣሪው ለዓመቱ ያወጣውን መጠን ወረዳው ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። ውኃ በመዝጋት፣ መብራት በማጥፋት ወይም ቁልፍ በመቀየር ማስወጣት ሕጋዊ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ከተጀመረ ቀኑ ይመዝገብ፣ ፎቶ ይነሣ፣ አቤቱታው በጽሑፍ ለወረዳው ይግባ፣ ቅጂውም ተቀባዩ ፈርሞበት ይያዝ። በቃል የቀረበ አቤቱታ አልቀረበም ማለት ነው። ከገቡ በኋላ አብሮ የሚፈጸም ነገር አለ፤ ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ አውጥቶ በአዲሱ መመዝገብ። አንዳንድ አከራይ «በቤቴ ቁጥር መታወቂያ አታወጪም» ይላል። ያለ መታወቂያ የጤና መድን የለም፣ ሴፍቲኔት የለም። ስለዚህ ይህም ቢሆን ቅድሚያው ሳይከፈል መጠየቅ አለበት።

ከዚህ የቀረው የተከራይዋ ሥራ አይደለም። የከተማው ቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ ይህን ጽሑፍ ካየው ሦስት ነገር እንጠይቃለን። የውል ምዝገባ ቢያንስ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሰጥ፤ በቀን የሚከፈላት እናት ለአንድ ፊርማ ሦስት ቀን ስትመላለስ የሦስት ቀን ዳቦ ይጎድላል። አከራዩ አልቀርብም ሲል ተከራይዋ የባንክ ደረሰኟን ይዛ ብቻዋን ብትመጣ የወረዳው ባለሙያ «አከራዩን ይዘሽ ነይ» ብሎ አይመልሳት፤ ተቀብሎ ይመዝግብ፣ አከራዩን እሱ ይጥራ። የሁለት ወሩ የቅድሚያ ጣሪያና የዓመቱ ጭማሪ መጠን ደግሞ በየወረዳው በር ላይ በትልቁ ይለጠፍ፤ ደላላውም፣ አከራዩም፣ ልጅ ያዘለችውም እኩል ያንብቡት። ጋዜጣችሁም የሞዴል ውሉን ቅጽ በአንድ ገጽ ብታትሙልን ብዙ ሰው ቆርጦ በኪሱ ይይዘዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ አዲስ አበባ